ከዘፋኙ ጀርባ የቆሙት

ጠጋ በሉኝ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። ከመድረክ ጀርባ ያለን ሰዎች እርስ በርሳችን ስንገናኝ ደጋግመን የምናነሣው፣ ማይክራፎን ፊት ግን የማይነሣ ጉዳይ አለ። ሙዚቃውን የሚሠራው ሰው ስሙ አይጠራም። በካሴት ዘመን የዘፋኙ ፎቶ በልባሱ ላይ በትልቁ ይወጣ ነበር፤ ኦርጋን የተጫወተው፣ ቤዝ የያዘው፣ ሳክስፎን የነፋው ከልባሱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ከተጻፈለት ዕድለኛ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ከሚጫወቱ ከማውቃቸው ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ቤታቸው ከተማው ውስጥ አይደለም። የቤት ኪራይ ገፍቷቸው ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ገብተዋል። ሥራ ሲያልቅ ታክሲ የለም፤ ኪቦርዳቸውን ታቅፈው ክለቡ ውስጥ ንጋትን ይጠብቃሉ፣ ወይም ሦስት አራት ሆነው ኮንትራት ይይዛሉ። ጎረቤት «ሌሊት የሚሠራ ልጅ» ብሎ ያውቃቸዋል እንጂ ምን እንደሚሠሩ አያውቅም። የእነዚህን ልጆች ታሪክ በስም አላወጣም፤ የግላቸው ነው። የታላላቆቻቸውን ግን ልንገራችሁ፤ መንገዱ ያው ነውና። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በዚህ አገር ያለ ዘፋኝ ከተሠሩ አልበሞች እኔ የማስቀድመው «ቼ በለው»ን ነው። በ1977 ካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው የዋልያስ ባንድ ሥራ ነው። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ይገኛል፤ ስሙን የማታውቁት ብትኖሩም ዜማው ሲጀምር «ይሄማ!» ማለታችሁ አይቀርም። ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎንና ፍሉት፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ መላከ ገብሬ ቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ ድራም። በቫይብራፎን ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ አለበት። እባካችሁ ስማቸውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ የስንቱ ዘፋኝ ድምፅ በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ቆሟል።

አሁን ወደ ምስጢሩ ልግባ። አንድ ባንድ ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ማወቅ ከፈለጋችሁ አባላቱ ከመገናኘታቸው በፊት የት እንደነበሩ ጠይቁ። ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በ10 ዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን በራሱ ለመደ፤ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍልም አለፈ። ጆሮው ያደገው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በጉራጊኛ ዘፈኖች ነው። ኦርጋኑ ላይ የምትሰሙት ያ የሚንሸራተት፣ ትንፋሽ ያለው አጨዋወት አኮርዲዮን የለመደ ሰው እጅ ነው። ሙላቱ ደግሞ ጅማ ተወልዶ ወደ ዌልስ ትምህርት ቤት ተላከ፤ ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ። አንዱ በወታደር ቤት፣ አንዱ በውጭ አገር ኮሌጅ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች አንድ አልበም ላይ ተገናኙ። «ቼ በለው»ን ሌላ ማንም ሊደግመው ያልቻለው ለዚህ ይመስለኛል።

ወታደር ቤቱን ችላ ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ኦርኬስትራ አሠለጠነ። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ለአገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሆነው ቆዩ። ልጁ ለመዋጋት ሳይሆን ለመንፋት ይቀጠራል፤ ኖታ ይማራል፤ ቀለቡም አይቀርበትም። በዚያ ዘመን ለደኻ ልጅ ከዚህ የተሻለ የሙዚቃ በር አልነበረም።

ከዚያ በር ከገቡት ሁሉ ልቤ የሚያዳላው ለጌታቸው መኩሪያ ነው። በ1935 ይፋት ተወለደ። መጀመሪያ የያዘው ክራርና ማሲንቆ ነው፤ ሳክስፎንና ክላርኔት በኋላ መጡ። በ1949፣ ገና በልጅነቱ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ ተቀላቀለ፤ ከዚያ ወደ ቴአትሩ ኦርኬስትራ፣ ከዚያ ወደ ፖሊስ። በዚህ መሐል ያደረገው ነገር ደፋር ነበር። ዘማች በጦር ሜዳ የሚያወጣውን ሽለላ ከሰው ጉሮሮ ወስዶ በሳክስፎን ነፋው። ቃል የለም፤ ግን ጠላትም ወዳጅም ይገባዋል። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ፣ የጀግና ካባ ደርቦ ይወጣ ነበር። የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ ይሉታል፤ ማዕረጉ ትክክል ነው። በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለ የሆላንድ የፓንክ ባንድ ጋር «ሞኣ አንበሳ»ን ሲሠራ 70 ዓመት አልፎት ነበር። ፓንኮቹን የመረጠው እሱ ራሱ ነው። በ2016 አረፈ።

የአገሩን ድምፅ በሌላ መሣሪያ ያወጣ ጌታቸው ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሰርፍ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ ተነሣ፤ ዋናው ዘፋኝ ጊታሩ ራሱ ነው። የዚያ ሙዚቃ ንጉሥ የተባለው ዲክ ዴል አባቱ የሊባኖስ ዘር ነበር፤ ምቱን የለመደው ዑድ ከሚጫወት አጎቱ ነው። በ1962 ያወጣው «ሚሰርሉ» የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የቆየ ዜማ ነው። ወጣቱ የውቅያኖስ ማዕበል መስሎት የጨፈረበት ድምፅ ሥሩ የአጎት ዑድ ነበር። ከጌታቸው ሽለላ ጋር አብራችሁ ስሙት፤ ሁለቱም የቤታቸውን ድምፅ በባዕድ መሣሪያ ያወጡ ሰዎች ናቸው።

ወደ ዋልያስ ልመለስ። በዘመኑ መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር፤ ስለዚህ ባንዱም በባለቤቱ እጅ ነበር። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መሣሪያው የራስህ ሲሆን «አልጫወትም» ማለት ትችላለህ። ከቬነስ ክለብ ተነሥተው ሂልተን ሆቴል ገቡ። ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የሌሊት ቤቶች በር እየተዘጋ ታዳሚው እስከ ንጋት ውስጥ ያድር ነበር፤ ሙዚቀኛውም አብሮ ያድራል፣ እየተጫወተ። ያ የጊዜ ርዝመት ነው አጨዋወታቸውን ያበሰለው። ግጥም ደግሞ በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ ክላሲካል የምንለው ያለ ዘፋኝ የሚቀርብ ሙዚቃ ግን የሚሰረዝ ስንኝ የለውም። በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በግዮን ሆቴል ሲቀርጽም ዜማው ብቻውን ይናገር ነበር።

በ1981 ዋልያሶች ወደ አሜሪካ ተጓዙ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ፤ ዮሐንስና ተማረ የባንዱን ስም አገር ቤት ይዘው ቆዩ። አሜሪካ የቀሩት ዙላ ባንድን አቋቋሙ። ግርማ በየነ ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖሮ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ያወጣው በ2017 ነው። ያን ያህል ዜማ ያቀናበረ ሰው ያን ያህል ዘመን ዝም ማለቱ አሁንም ያንገበግበኛል።

ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ያማሃ ዲኤክስ7 ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። በኋላ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሾፌር ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። አልተወውም ማለት ነው! ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ወደቀና በ2013 በድጋሚ ታተመ። በ2018 «ላላ በሉ» ወጣ፤ የዓለም መድረክ እንደገና ተከፈተለት።

ከዋሽንግተን ወጥቶ ባሕር ዳር የተገኘ ካሴት! የባሕር ዳር መንገድ በሱሉልታ ያልፋል፤ ሙላቱ የተወለደባት የጅማ መንገድ በሰበታ። ዛሬ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ሰርግ አዳራሽ ስትገቡ ግን አንድ ኪቦርድ ብቻ ነው የምታገኙት፤ ቤዙም፣ ድራሙም፣ የትንፋሽ መሣሪያውም እሱው ውስጥ ተሞልቷል። ለደጋሹ ወጪ ይቀንሳል። ለሙዚቃው ግን ጉዳት ነው፤ ሰባት ሰው ከሰባት ቦታ ይዞት የሚመጣውን ጆሮ አንድ ማሽን አይተካውም። ጥፋቱ ኪቦርድ ተጫዋቹ አይደለም፤ እሱ የሰባት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ክፍያ ተሸክሟል። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ክላሲካል የሚያቀናብሩ፣ በስልካቸው ቀርጸው ያስቀመጡ አውቃለሁ። የሚጠይቃቸው ስለሌለ አላወጡትም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ሰበታ ወይም ቡራዩ ሰርግ ስትጠሩ ለዘፋኙ ሽልማት ከለጠፋችሁ በኋላ ኪቦርዱ ጋ ጠጋ በሉና ስሙን ጠይቁት፤ ከማን እንደተማረ፣ የራሱ ሥራ እንዳለው ጠይቁት። ሙዚቃ የምታሳትሙ ደግሞ ማን ቤዝ እንደተጫወተ፣ ማን ሳክስ እንደነፋ ሳትጽፉ ሥራ አታውጡ። ስማቸውን ጻፉላቸው።