ዕጣኑን እናውቃለን፤ ዛፉንስ?

በልደት ሌሊት ገና ቅዳሴው ሳይገፋ ቤተ መቅደሱን የሚሞላው ከካህኑ ጽና የሚወጣው የዕጣን መዓዛ ነው። ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ካቀረቧቸው ሦስት እጅ መንሻዎች ወርቁ ለመንግሥቱ፣ ዕጣኑ ለክህነቱ፣ ከርቤው ለሞቱ ምሳሌ መሆኑን ሊቃውንት ሲተረጉሙልን ኖረዋል። ከሦስቱ ሁለቱ፣ ዕጣኑና ከርቤው፣ የዛፍ ሙጫዎች ናቸው። እኛ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ሳለን የዕጣኑን ምሳሌ በሚገባ ተምረናል፤ ስለ ዛፉ ግን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ነጋዴዎች «የትግራይ ዓይነት» የሚሉት ነጭ ዕጣን የሚገኝበት ዛፍ በመተማ፣ በትግራይ ቆላና በተከዜ ሸለቆ፣ ሌላው ተክል በማይደፍረው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቅጠሉን ያራግፍና የዓመቱን አብዛኛውን ወራት ራቁቱን ይቆማል። የሚያብበውም በዚያው ራቁትነቱ ነው፤ ንቦች በደረቁ ወራት አበባውን ይቀስማሉ።

የዛፉ ምሥጢር ግን በውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ ነው። በዚያ ለዓይን የረቀቁ፣ እርስ በርሳቸው እንደ መረብ የተያያዙ የሙጫ ቱቦዎች አሉ። ሙጫው ለእኛ መዓዛ ይሁን እንጂ ለዛፉ መድኃኒት ነው፤ በቆሰለ ጊዜ ቁስሉን ይዘጋበታል። ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ከመስከረም ማለፍ ጀምሮ በጋውን በሙሉ ግንዱን በስለት ይፍቃል፤ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ይደርቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ ይመጣና የደረቀውን ለቅሞ፣ ሊሽር የጀመረውን ቁስል እንደገና ያድሰዋል። እንግዲህ በጽናው ላይ የምናፈሰው እያንዳንዱ የዕጣን ፍሬ ዛፉ ራሱን ሊፈውስበት ያወጣው ነው። አባቶች ጽናውን በእመቤታችን፣ ፍሕሙን በትስብእት፣ እሳቱን በመለኮት መስለው ያስተምራሉ። በዚህ ምሳሌ ፊት የሚጤሰው ነገር ከቁስል የመጣ መሆኑን ካወቅን ወዲህ፣ በቤተ ልሔም ግርግም የቀረበው እጅ መንሻ ከቀራንዮ ያን ያህል የራቀ መስሎ አይታየንም።

ቁስሉ ግን ልክ አለው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎችን መርምሮ፣ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ለጋ ዛፍ አለመገኘቱን አስታውቋል። የቆሙት ያረጁ ናቸው፤ ተተኪው ለአሥርተ ዓመታት አልበቀለም። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ ገምተዋል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፤ ሰደድ እሳት ይለበልበዋል፤ ደኑ ለእርሻ ይመነጠራል፤ ግንድ የሚሰረስር ጥንዚዛም አለ። ያለ ዕረፍት የቆሰለ ዛፍ ደግሞ ፍሬው ይመነምናል፤ ካፈራውም ዘር ብዙው አይበቅልም። ኃይሉን በሙጫ ጨርሶ ለልጁ የሚተርፈው የለምና።

መፍትሔው ከአቅም በላይ ነው አንልም። የሙጫው ቱቦዎች ያሉት በውስጠኛው ቅርፊት በመሆኑ እስከ እንጨቱ ድረስ መጥለቅ አያስፈልግም። ዛፉን አፈራርቆ ማሳረፍ፣ ቦታውን ከከብትና ከእሳት መከለል፣ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል የሚቻል ነው። ምእመኑ ከጉሊት ገዝቶ ለቡናውም ለጸሎቱም የሚያጤሰው ዕጣን ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ በረከሰ ዋጋ የተሸጠ ዕጣን ዛፉን ለማሳረፍ ጊዜ እንደማይሰጥ እናምናለንና።

የልደት በዓል የሚውለው በዕጣን ለቀማው ወራት እኩሌታ ነው። እኛ ነጭ ለብሰን ከቅዳሴ ስንመለስ፣ በቆላው ዛፉ ቅጠል የለውም፤ አበባው ግን በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አለ፤ ከግንዱም ነጩ ጠብታ ገና አልደረቀም።