የተሰበረው የጭቃ በሬ

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጎብዬ፣ እንደ ሌሎቹ የራያ ቆላ ከተሞች ሁሉ፣ የማሽላና የከብት አገር ናት። በዚህ አካባቢ የሚያድግ ሕፃን ከሱቅ የሚገዛለት ባይኖር እንኳ መጫወቻ አያጣም። ጎርፍ ትቶት ከሄደው ደለል በሬና ግመል ይሠራል፤ ከማሽላ አገዳ ቤት ያበጃል፤ በጎዳናው የሚያልፈውን የጭነት መኪና በሽቦና በቆርኪ አስመስሎ ይሠራል። በአዲስ አበባ መንደሮች ልጆች ያሳደጉ እናቶችም ይህን ጨዋታ በሚገባ ያውቁታል።

የእነዚህ ጥቃቅን ሥራዎች ዕድሜ ግን አጭር ነው። እናት ቤት ስትጠርግ መጥረጊያው ይገፋቸዋል፤ አባት ማታ ሲገባ ይረግጣቸዋል። ሰባሪው ትልቅ ሰው ሲሆን «ምን ያስለቅስሃል? ጭቃ አይደለም እንዴ!» ይባልና ስብርባሪው ከጥራጊው ጋር ይጣላል። ሰባሪው ታናሽ ወንድም ወይም እህት ሲሆን ግን ቁጣው፣ አንዳንዴም ኩርኩሙ ይከተላል። አንዱ ጥፋት ሁለት ዓይነት ፍርድ ያገኛል ማለት ነው። ልጆችም ይህን ልብ ይላሉ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ተረታችን። ለራት ባይበቃም ለልጁ ቁም ነገር ነው። የበሬውን ቀንድ ሲያቆም ግራና ቀኙን ያመዛዝናል፤ ጣቱንና ዓይኑን ያሠለጥናል፤ በመስክ ያየውን ያስታውሳል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጽ መጫወት የሕፃን መብት መሆኑን ደንግጓል። ትንሽ የሸክላ ምስል መሥራት ለአዋቂዎችም የእንጀራ ምንጭ ሆኖ ታይቷል። ጎንደር አጠገብ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሰውና የእንስሳት ምስል እየሠሩ ለጎብኚዎች ይሸጡ ነበር።

እንግዲህ መጫወቻው ቢሰበር ምን ይደረግ? በመጀመሪያ «ሳላየው ሰበርኩብህ፣ ይቅር በለኝ የኔ ልጅ» ማለት እናትን አያሳንሳትም። ቀጥሎ ስብርባሪውን ሳይጠርጉ በሰፌድ ላይ መሰብሰብ ነው። ከዚያም ባለቤቱን «እንጠግነው ወይስ አዲስ ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ውሳኔው የእርሱ ነውና።

በእሳት ያልተተኮሰ የጭቃ በሬ ቀድሞ የሚሰበረው በቀንዱና በእግሩ ነው። ቀጭኑ ክፍል ከወፍራሙ ገላ ቀድሞ ደርቆ ስለሚኮማተር መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ለጥገናው የሁለቱን ስብራት ፊት በእርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ በስንጥር ጫር ጫር ማድረግና ከዚያው አፈር የተበጠበጠ ወፈር ያለ ጭቃ በስሱ ቀብቶ መግጠም ያስፈልጋል። ጭቃው ከበዛ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደገና ይለቃል። እግሩን ለማጠንከር ቀጭን ስንጥር በመሐል መሰካት ይረዳል። ከዚያም እርጥብ ጨርቅ አልብሶ በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ነው። ፈጽሞ ከደቀቀ ደግሞ ስብርባሪውን በውሃ ዘፍዝፎ እንደገና ማቡካት ይቻላል።

የተተኮሰ ሸክላ ግን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። አቧራውን ጠርጎ፣ ኮላ በስሱ ቀብቶ መግጠምና እስኪደርቅ ድረስ በአሸዋ ውስጥ አስደግፎ ማቆም ይሻላል። ቶሎ የሚይዘው ኃይለኛ ማጣበቂያ ቆዳን ከቆዳ ስለሚያጣብቅ ለሕፃን እጅ አይሰጥም።

የሽቦ መኪናም ቢጣመም አንዱን ቦታ ደጋግሞ ማጠፍ አይገባም፤ ሽቦ በተመላለሰ ቁጥር ይደርቅና ይቆረጣል። ከተቆረጠ በሌላ ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ ማሰር፣ ሹል ጫፉንም ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው። የተሰበረ አገዳ ደግሞ ስንጥር ተሰክቶበት በክር ይጠመጠማል።

ከሥራ ደክማ የገባች እናት ለዚህ ጊዜ ከወዴት ታመጣለች ይባል ይሆናል። መግጠሙ ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ የቀረውን ጥላና ነፋስ ይሠሩታል። ለመጫወቻው ከመተላለፊያ ራቅ ያለ ጥግ ወይም መደርደሪያ መለየት ደግሞ ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

ይህ ሁሉ ለጭቃ በሬ ብቻ ተብሎ አይደለም። ስለ ሰበረው ነገር የተደበደበ ልጅ ነገ ብርጭቆ ቢሰብር ስብርባሪውን አልጋ ሥር ይደብቃል፤ አንድ ቀን የእርሱን ወይም የታናሹን እግር ይቆርጣል። እናቱ ይቅርታ ስትጠይቅና ስትጠግን ያየ ልጅ ግን ስብራቱን ይዞ ወደ እርሷ ይመጣል።