ከደረት አጥንት ጀርባ

ሰበታ፣ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ይዞ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው አክታ ነው። ይህም ትክክል ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ዛሬም ብዙ ሰው ይይዛል፣ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው መሣሪያም ውጤቱን በሁለት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ግራ የሚያጋባው አክታው ነጻ ሆኖ፣ የኤችአይቪ ምርመራውም ነጻ ሆኖ፣ ሰውየው ግን በሳንባ ምች እየተነሣ የሚወድቅ ሲሆን ነው። ሳይነስ፣ ጆሮ፣ ደረት ይፈራረቁበታል፤ ተቅማጡም አይለቀውም።

ዕድሜው ከ40 አልፎ በልጅነቱ እንዲህ ዓይነት ሕመም ካላወቀ፣ ከብዙ ምክንያቶች መካከል አንድ ብርቅ በሽታም ሊታሰብ ይገባል። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ሚኒሶታ ያስተዋወቀው ሐኪም ሮበርት ጉድ ስለሆነ ጉድ ሲንድሮም ይባላል። የዶክተሩ ሕመምተኛ ኢንፌክሽን የሚደጋገምበት ጎልማሳ ነበር፤ ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የለም ማለት ይቻላል፣ ደረቱ ውስጥ ደግሞ የታይመስ ዕጢ ዕብጠት ተገኘ።

ታይመስ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ የተቀመጠ ለስላሳ አካል ነው። በልጅነት ትልቅ ይሆንና ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ቦታውን ለስብ ይለቃል። በዚህም የተነሣ ለረጅም ዘመን ጥቅም የሌለው ትርፍ ሥጋ ይመስላቸው የነበሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። የጉድ ሕመምተኛ ያስነሣው ጥያቄ ግን ተመራማሪዎችን ወደ ጥንቸልና ወደ አይጥ መራ። እ.ኤ.አ. በ1961 ለንደን ላይ ዣክ ሚለር ገና ከተወለዱ አይጦች ታይመሱን ቢያወጣ፣ ግልገሎቹ በሽታ መከላከል አቃታቸው። ዛሬ ቲ ሴል የምንላቸው የመከላከያ ሕዋሳት የሚሠለጥኑት እዚያ ነው።

የታይመስ ዕብጠት፣ በሕክምናው አጠራር ታይሞማ፣ ራሱ ብርቅ ነው፤ በአሜሪካ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው 1 ወይም 2 ቢይዝ ነው። የያዛቸው ሁሉ መከላከያቸውን አያጡም፤ ከ100 ታማሚዎች ከ6 እስከ 11 በሚሆኑት ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ ይወርዳል። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ይመናመናሉ ወይም ይጠፋሉ፤ ከኤችአይቪ ሕክምና የምናውቀው ሲዲ4 ጭምር ሊያሽቆለቁል ይችላል። ዕብጠቱ ይህን ሁሉ እንዴት እንደሚያደርግ ባለሙያዎቹ እስካሁን አልተስማሙም። የሳንባ ምች ባክቴሪያ፣ ፈንገስ፣ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ተራ በተራ ይገባሉ፤ በጊዜ ካልተደረሰለት ሳንባው በቋሚነት ይጎዳል።

ለጥርጣሬ የሚያበቃ ፍንጭ የግድ ከውድ መሣሪያ አይጠበቅም። በተለመደው የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ጠቅላላ ፕሮቲንና አልቡሚን። ጠቅላላው 5.8፣ አልቡሚኑ 4.3 ቢሆን ልዩነቱ 1.5 ነው። ይህ ግሎቡሊን ይባላል፤ ፀረ እንግዳ አካላቱም እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። በዴሲሊትር ከ2 ግራም በታች ከወረደ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊኑን አስለክቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ወረቀቱን የያዘ ሐኪም አንዷን መቀነስ ሠርቶ የሕመምተኛውን የዓመታት እንግልት ሊያሳጥር ይችላል፤ ይህ ስሌት በየጤና ተቋሙ ቢለመድ ምኞቴ ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተ ፈጣን የኤችአይቪ ምርመራ ፀረ እንግዳ አካል በማያመርት ሰው ላይ «ነጻ» ቢል አያስተማምንም። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ይታከልበታል።

ቀጥሎ የደረት ራጅ፣ ከዚያም ሲቲ ስካን ይነሣል። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ወርዶ የሚመጣው ታካሚ ሪፈር ተጽፎለት እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይደርሳል። የዐይን ሽፋን መውደቅና የጡንቻ ድካም ካለ ደግሞ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም፤ ከታይሞማ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለው የጡንቻ ሕመም አለባቸው።

ዕብጠቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የሚያሳዝነው ዕጢው ወጣ ማለት መከላከያው ተመለሰ ማለት አለመሆኑ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ታማሚው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይሰጠዋል፤ የመድኃኒቱ አንድ ዙር ምርት ከ1,000 በላይ ለጋሾች ፕላዝማ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፣ ዋጋውም የማይቀመስ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በወር 24 ግራም ገደማ ይፈለጋል። እንደ ቢጫ ወባና ቢሲጂ ያሉ ሕያው ክትባቶች ይከለከሉበታል፤ ትኩሳት ሲነሣበትም ነገ ይሻለኛል ብሎ ቤት መዋል የለበትም።

ዕብጠቱ በወጣበት ቀን ፀረ እንግዳ አካሉ ደህና የነበረ ሰውም ከዓመታት በኋላ ሊወርድበት ይችላል። ታይሞማ የወጣለት ሰው የትም ከተማ ይኑር፣ ሳል በተደጋገመበት ቁጥር ያንን ቀዶ ሕክምና ለሐኪሙ መንገርና ኢሚዩኖግሎቡሊኑን ማስለካት ይኖርበታል።