መኝታ ሁሉ ዕረፍት አይደለም

በአገራችን በሽተኛን መጠየቅና ማስታመም የተከበረ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ኦፕራሲዮን ሆኖ ከተኛ ዘመዳችን ዘንድ ስንደርስ ከአፋችን የሚቀድመው ቃል «አይዞህ፤ አትነቃነቅ፤ ቁስልህ ይፈታል» የሚል ነው። ቃሉ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ጉዳት አለበት።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። አባቴ ሆዳቸውን በተቀደዱ ማግሥት ነርሷ ልታስነሣቸው ብትመጣ፤ «እኅቴ፤ ሽማግሌ አታንገላቺብኝ» ብዬ መለስኋት። በሦስተኛው ቀን ሳልና ትኩሳት ያዛቸው፤ ሐኪሙም የሳንባ ምች መሆኑን ነገረን። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ድነው ወጡ። የበሽታቸው ምክንያት የእኔ ቃል ብቻ ነው ባልልም፤ ድርሻ እንዳለኝ ግን ኅሊናዬ ይነግረኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው በተራመደ ቍጥር የባቱ ጡንቻ ደሙን ወደ ልብ ይገፋዋል፤ ተጋድሞ ሲውል ግን ደሙ በእግሩ ሥር ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደም ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ደግሞም በጀርባው የተኛ ሰው አጥልቆ ስለማይተነፍስ አክታ በሳንባው ይጠራቀማል፤ ጡንቻውም ከቀን ወደ ቀን ይመነምናል።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓና በአሜሪካም ሐኪሞች ሆዱ የተቀደደውን ሰው ለሳምንታት ያስተኙት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ዓ/ም ኤሚል ሪስ የተባለው የሺካጎ ሐኪም ሕመምተኛን ቶሎ ማስነሣት እንደሚጠቅም ቢጽፍም ብዙዎች አልተከተሉትም። ልማዱ እየተለወጠ የሄደው በ1940ዎቹ ነው፤ በ1947 ዓ/ም እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር መኝታ ሲበዛ በየአካላቱ የሚያመጣውን ጉዳት ዘርዝሮ ጻፈ። ዛሬ ብዙ ሕመምተኞች በተቀደዱበት ቀን ወይም በማግሥቱ ከአልጋ ይወርዳሉ።

አስታማሚ ሆይ፤ አስቀድመህ ሐኪሙን ጠይቅ፤ መነሣት የማይፈቀድለት ሕመምተኛም አለና። ከተፈቀደ የሕመም ማስታገሻው ከተሰጠው በኋላ ጀምር። በተኛበት ሳለ አጥልቆ ይተንፍስ፤ እግሮቹንም ከቁርጭምጭሚቱ ያንቀሳቅስ፤ ሲያስለው ትራስ በቁስሉ ላይ ይደግፍ። ቀጥሎ በጎኑ ዞሮ በክንዱ እየተደገፈ ይነሣ፤ እግሩን አውርዶ በአልጋው ጫፍ ጥቂት ይቀመጥ፤ ከዚያ ይቁም፤ ከዚያም እስከ በሩ ይራመድ። ራሱን ካዞረው መልሰህ አስቀምጠው። አንድ እግሩ ቢያብጥና ቢያመው፤ ወይም ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው፤ ሳትዘገይ ሐኪም ጥራ።

እንግዲህ ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ «አትነቃነቅ» ማለቱን ትተን፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ የምንደግፍበትን ክንድ ይዘን እንሂድ።