ከ21 ደቂቃው ዘፈን ጀርባ የነበረው የኛ ሰባ ሰባት

ዱባይ ውስጥ በአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ዘንድ የምትሠራ የወሎ ልጅ አውቃለሁ። አሠሪዋ ስልሳ ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የዕድሜ እኩዮቻቸውን ይጠሩና አንድ የቆየ ቪዲዮ ይከፍታሉ። እንግዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አብረው ያጨበጭባሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ሲያልቅ ዓይናቸውን የሚጠርጉም አሉ። እሷ ሻይ ታቀርባለች።

ባለፈው ዓመት ግን ቪዲዮው ሳይዘጋ ቀጠለ። ነጠላ የለበሱ እናቶችና አጥንታቸው የወጣ ሕፃናት በስክሪኑ ላይ መጡ። ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በማግስቱ ደወለችልኝና «እህቴ፣ በፈረንጆቹ ዘፈን መሀል የኛ ሰው ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ለእሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሰዎቹ የሚያስታውሱት ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.ን ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985። በዚያ ቅዳሜ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየምና በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ተካሄደ። በሳተላይት በቀጥታ የተላለፈው ከ100 ወደሚበልጡ አገሮች ነበር። በዌምብሌይ ብቻ 72 ሺህ ያህል ሰው ተገኝቷል።

በለንደን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ «ኩዊን» የተባለው የሮክ ባንድ መድረክ ወጣ። አራት ሰዎች ነበሩ፤ ድምፃዊው ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይ፣ ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለርና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ዲከን። ባንዱ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመዝፈኑ ብዙ ተወቅሶ ነበር። የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ አስቀድሞ በሚገባ ተለማምዶበት መጣ። በ21 ደቂቃ ያህል ውስጥ ስመ ጥር ዘፈኖቹን አከታትሎ አቀረበ። ፍሬዲ በድምፁ ሲጣራ ስታዲየሙ ሙሉ ይቀበለዋል፤ እንደኛ አገር አውጪና ተቀባይ ማለት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሙዚቃ ባለሙያዎች በሰጡት ድምፅ ከሮክ መድረኮች ሁሉ የላቀው ይኸው ተብሎ ተመርጧል።

ያ ድምፃዊ ራሱ ስደተኛ ነበር። የተወለደው ዛንዚባር ደሴት ላይ፣ ከህንድ ከመጡ ወላጆች ነው፤ የቤት ስሙ ፋሩክ ቡልሳራ ይባል ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. አብዮት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ፍሬዲ ዝና ከማግኘቱ በፊት በለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ አመላላሽ ሆኖ ሠርቷል። በ1991 እ.ኤ.አ. በኤድስ ምክንያት ሞተ። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም እሱን ሆኖ የተወነውና ኦስካር የተሸለመው ራሚ ማሌክም ከግብፅ የተሰደዱ ወላጆች ልጅ ነው።

የኛ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ምክንያት ነበር። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ኮረም ላይ የቀረጹትን ዘገባ ዓለም አየ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን ተመልክቶ ነው የሙያ ጓደኞቹን ያሰባሰበው። ድርቁ ላይ ጦርነቱና የመንግሥት ፖሊሲ ተጨምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ።

ኩዊን ከወረደ በኋላ ዴቪድ ቦዊ የተባለው ዘፋኝ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ በቦታው አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። እህታችን ያየችው እሱን ነው። ፊልሙ ላይ ለሞት የተቃረበች መስላ የምትታይ የትግራይ ሕፃን አለች፤ ስሟ ብርሃን ወልዱ ነው። አልሞተችም። አድጋ፣ ግብርና ተምራ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በለንደኑ «ላይቭ ኤይት» ኮንሰርት ላይ በራሷ እግር መድረክ ወጥታለች።

ይህን ስነግራት እህታችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እሷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው። እናቷ ግን በሰባ ሰባት ታላቅ ወንድሟን አዝለው ወደ ኮረም ሄደው፣ ብቻቸውን ነው የተመለሱት። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም።

ዘንድሮ አሠሪዋ ቪዲዮውን ሲከፍቱ ይህንኑ በቻለችው እንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ሰውዬው ድምፁን ዘጉ። ያኔ የ17 ዓመት ልጅ እንደነበሩ፣ ጋዜጣ እያደሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ ትኬት እንደገዙ ነገሯት። ትኬቱ 25 ፓውንድ ነበር፤ 20ው ለእርዳታ የሚሄድ ነው። 40 ዓመት ሙሉ ያንን ቀን ሲያስታውሱ ትዝ የሚላቸው ዘፈኑ ብቻ እንደነበር አልደበቋትም። ከዚያ የወንድሟን ስም ጠየቋት።

አላወቀችውም። ማታ በኢሞ ለእናቷ ደወለች። እናቷ መጀመሪያ «ምን ያደርግልሻል?» አሏት። ቆየት ብለው ግን ስሙን ነገሯት፤ ስንት ዓመቱ እንደነበረም፣ ምን ይወድ እንደነበረም። ሁለት ሰዓት አወሩ።

የሰባ ሰባትን ነገር ፈረንጆቹ በቪዲዮ ይዘውታል። እኛ ዘንድ ያለው በእናቶቻችን አፍ ነው፤ እነሱም እያረጁ ነው። በሚቀጥለው ስትደውሉ፣ ስለ ብርና ስለ ጤና ካወራችሁ በኋላ ጠይቋቸው።