እሳት የነፈገ የጀልባ ሞተር

በጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ትንሽ የቤንዚን ሞተር፣ ገመዱ አሥር ጊዜ ተጎትቶ እምቢ ሲል፣ በዙሪያው ከቆሙት ሰዎች አንዱ «ካንዴላው ነው» ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» ይላል። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር መፍቻ አንሥቶ ካርቡራቶሩን መፍታት ይጀምራል። ሦስቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ሦስቱም ባንድ ጊዜ የየራሳቸውን ሠርተው ሞተሩ በድንገት የተነሣ እንደሆነ ነው። ምን እንዳዳነው የሚያውቅ የለምና። በማግስቱ ከዘጌ ሲመለሱ ጣና መካከል ላይ ሞተሩ ቀጥ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ሲነሣ፣ ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ያን ጊዜ ግን በጀልባው ላይ ሰዎች አሉ።

ሐይቁ ጎረቤታችን ስለሆነ ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የምንናገረው ስለ አሮጌው ሞተር ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በጆንሰንና በኤቪንሩድ ስም የተሠራው፣ ባትሪ የማያስፈልገው፣ ሁለት ሲሊንደር ያለው ዓይነት ነው። አዲሶቹ ሞተሮች እሳታቸውን የሚያገኙት በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለሆነ ለእነርሱ ይህ ጽሑፍ በከፊል ብቻ ይጠቅማል። አሮጌው ግን ምስጢሩን አይደብቅም፤ በትምህርት ክፍል ስለ ፋራዴይ ሕግ የሰማነው ሁሉ ከቮላኖው ሥር በዐይን ይታያል። በሌላ በኩል ዕቃው እንደ ልብ አይገኝም። ኤቪንሩድ የሚለው ስም የመጣው ኦሌ ኤቪንሩድ ከተባለው ሰው ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1909 አሜሪካ ውስጥ በሚልዋውኪ ከተማ ሞተሩን ለገበያ አቀረበ፤ በዚህ ስም የሚሠራው ሞተር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 መመረቱ ቆሟል። ስለዚህ በግምት አንድ ዕቃ፣ በማግስቱም ሌላ ዕቃ መግዛት ለተማሪ ኪስ የሚሆን ዘዴ አይደለም።

እንግዲህ መጀመሪያ መለየት ያለበት የጠፋው እሳት ነው ወይስ ቤንዚን የሚለው ነው። ሁለቱን ካንዴላዎች አውጥቶ ማየት ነው። ከብዙ መጎተት በኋላ ጫፋቸው በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ቤንዚኑ ደርሷል፤ የቀረው እሳቱ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ደርቀው ከተገኙ ደግሞ ዘይት ከተቀላቀለበት ቤንዚን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል በየሲሊንደሩ ጨምሮ፣ ካንዴላውን መልሶ፣ ገመዱን መጎተት ነው። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረምርሞ ከጠፋ እሳት አለው፤ ችግሩ ከቤንዚን መንገድ ነው፤ የዛሬው ጽሑፋችንም አይመለከተውም። ጭራሽ ድምፅ ካላሰማ ወደ እሳቱ እንሂድ።

እሳቱ የሚወለደው እንዲህ ነው። በቮላኖው ውስጥ ማግኔት አለ። ቮላኖው ሲሽከረከር ማግኔቱ በቦቢናው የብረት እምብርት ፊት ያልፋል፤ በቦቢናው ወፍራም ሽቦ ውስጥም ኮረንቲ ይፈጥራል። ኮረንቲው የሚዞረው ሁለቱ የኮንታክት ነጥቦች ተጋጥመው እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚዞረው ጉብታ ልክ በሰዓቱ ነጥቦቹን ሲያለያያቸው ኮረንቲው በድንገት ይቋረጣል፤ የማግኔቱም ኃይል በቅጽበት ይከስማል። ይህ ድንገተኛ ለውጥ ብዙ ሺህ ጊዜ በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት በላይ ሊፈጥር ይችላል፤ ይኸውም በካንዴላው ጫፍ ዘሎ ብልጭ ይላል። ኮንደንሰሩ ደግሞ ነጥቦቹ ሲለያዩ ኮረንቲው እዚያው በመካከላቸው እንዳይዘል የሚይዝ ነው። እርሱ ከሞተ ብልጭታው ከካንዴላው ይልቅ በኮንታክቱ ላይ ይሆናል፤ ነጥቦቹም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ በምንናገርለት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና፣ የራሱ ኮንታክት፣ የራሱ ኮንደንሰር አለው። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ቮላኖው፣ ማግኔቱና ጉብታው ግን የጋራ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ብቻ እሳት ካጣ በሽታው ከራሱ ዕቃዎች በአንዱ አለ፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ካጡ ግን ሁለት ቦቢናዎች በአንድ ቀን ተማክረው ሞቱ ከማለት በፊት የጋራ የሆነውን መመርመር ይገባል። ማጥፊያ ቁልፍ ካለው ሽቦው ተልጦ ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቶ ይሆናል፤ እርሱን ነቅሎ መሞከር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ በእርጥብ ቤት ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ከቮላኖው ሥር ውሃና ዝገት ገብቶ፣ አራቱም የኮንታክት ነጥቦች ዐይን በማያየው ቅርፊት ተሸፍነው ይሆናል። በእኛ ግምት ቆይተው ከተነሡ አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹን የሚያስቸግረው ይኸው ነው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው።

እሳቱን መለካት ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነውና። የተለመደው ዘዴ ካንዴላውን አውጥቶ በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፎ ገመዱን መጎተት ነው። ብልጭ ሲል «እሳት አለው» ይባላል። ነገር ግን የካንዴላው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ በደጅ አየር ውስጥ ይህን ለመዝለል ደካማ ቦቢናም አያቅተውም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ በብዙ እጥፍ ታምቆ ሲጠብቀው ግን ብልጭታው ለመዝለል እጅግ የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ፈተና ሰፋ ያለ ክፍተት ነው፤ የድሮ የጥገና መጽሐፎች ሩብ ኢንች፣ ማለት 6 ሚሊሜትር ያህል ይላሉ። በእንጨት ላይ ሁለት ሚስማር መትቶ፣ አንዱን ከቦቢናው ሽቦ፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል ጋር አያይዞ መሥራት ይቻላል። ሁለቱም ካንዴላዎች ወጥተው ገመዱ ፈጠን ብሎ ይጎተት፤ የማግኔት ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው ከፍጥነት ነውና በዝግታ የሚጎትት ሰው ደኅናውን ቦቢና ያስወነጅላል። ሚስማሮቹ ከካንዴላው ቀዳዳ ይራቁ፤ ከዚያ የሚወጣው የቤንዚን ጋዝ እሳት ለመያዝ ሁለተኛ ግብዣ አይጠብቅም። ሽቦውንም በባዶ እጅ የያዘ ሰው ትምህርቱን በቶሎ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ ለአገራችን ብቻ የሚሆን ማሻሻያ አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ጥግግቱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ነው። ብልጭታ በስስ አየር ውስጥ በቀላሉ ይዘላል። እንግዲህ በባሕር ወለል ለሚኖሩ የተጻፈው 6 ሚሊሜትር እዚህ ሲሆን ለቦቢናው ቀላል ፈተና ይሆናል፤ ለተመሳሳይ ፈተና ወደ 7 ሚሊሜትር ተኩል ማስፋት ያስፈልጋል። ብልጭታው ሰማያዊና ድምፅ ያለው ከሆነ መልካም፤ ቢጫና ቀጭን፣ አንዳንዴም የሚያመልጥ ከሆነ ደካማ ነው። ያው ስስ አየር በሌላ በኩል የቤንዚኑን ድብልቅ ስለሚያወፍረው ካንዴላዎቹ ቶሎ ጥቀርሻ ይለብሳሉ። የጠቆረ ካንዴላ ሁሉ የሞተ ካንዴላ አይደለም። አንድ ስሙን የማናነሣው ጋራዥ ለአንድ ሞተር በአንድ ወር ሦስት ጊዜ አዲስ ካንዴላ ሸጦልናል፤ ካንዴላዎቹ ግን ተጠርገው እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

አንዱ ወገን ብቻ ደካማ ሆኖ ሲገኝ ዕቃ ከመግዛት በፊት ማለዋወጥ ነው። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹ ቦታ ይለዋወጡ። በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ጥፋተኛው ተያዘ። እዚያው ከቀረ ቮላኖው ይነሣል፤ በመዶሻ ሳይሆን በፑለር ይሁን፤ ዘንጉን በመዶሻ ያጣመመ ሰው እሳት ቢያገኝም ሞተር አያገኝም። ከዚያ ኮንታክቱ ይጸዳል፣ ኮንደንሰሮቹ ይለዋወጣሉ፣ በመጨረሻም ቦቢናዎቹ። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ሁለት የለወጠ ሰው መልሱን አያነበውም።

ኮንታክቱን ለማጽዳት እጅግ የላመ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፤ ነጥቦቹ ጉድጓድ ካወጡ ግን መለወጥ ይሻላል። ክፍተታቸው ጉብታው ከፍ ባለበት ቦታ ላይ 0.020 ኢንች፣ ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ክፍተቱ የተለካበት ስስ ብረት ዘይት አለው፤ ያ ዘይት በነጥቦቹ ላይ ይቀራል፤ በደንብ የተስተካከለውም ኮንታክት እሳት ይነፍጋል። ስለዚህ በመጨረሻ ከደብተር የተቀደደ ንጹሕ ወረቀት በአልኮል ነክሮ በነጥቦቹ መካከል መሳብ፣ ከዚያም በደረቅ ወረቀት መድገም ነው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ በቃ።

ኮንደንሰሩን በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል፤ ወደ 0.2 ማይክሮፋራድ ገደማ መሆን አለበት። ቦቢናውን ግን ኦም ሜትር ብቻ አይፈርድበትም። ኦም ሜትር የሚሠራው በትንሽ የባትሪ ኃይል ስለሆነ የሽቦውን መበጠስ እንጂ በብዙ ሺህ ቮልት የሚከፈተውን ስንጥቅ አያይም። የእነዚህ ሞተሮች የጥንት ቦቢናዎች ልባሳቸው በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ዐይን ያለው ሰው ስንጥቁን ያያል፤ ወይም ሲመሽ ሲጎተት ኮረንቲው በጎን ሲያመልጥ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

አደገኛው ይህ የተሰነጠቀ ቦቢና ነው። ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲግል ይሞታል። ከባሕር ዳር በደኅና ተነሥቶ ከሃያ ሠላሳ ደቂቃ በኋላ ይቆማል፤ ጥቂት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል፤ ባለቤቱም «ድኗል» ብሎ ሰው ይጭንበታል። የሚያደናግረው፣ የቤንዚኑ በርሜል የአየር መግቢያ ሲዘጋም ሞተሩ የሚያሳየው ያንኑ ጠባይ ነው፤ ቤንዚኑ መፍሰስ አቅቶት ይቆማል፣ ሲያርፍ አየር ቀስ ብሎ ገብቶ ይነሣል። ሁለቱን ለመለየት ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ያችን ባለ ሚስማር እንጨት አውጥቶ እሳቱን መፈተን ነው። እሳት ካለ የበርሜሉ ክዳን ይፈታ፤ ከሌለ ቦቢናው ይለወጥ። ለዚህ ፈተና ውሃው ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ የሞተሩን እግር በውሃ በተሞላ ትልቅ በርሜል ውስጥ ነክሮ ማስነሣት ይቻላል። ያለ ውሃ ማስነሣት ግን የማቀዝቀዣውን ፓምፕ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ብልጭታው ብርቱ፣ ቤንዚኑ ደኅና፣ ሞተሩ ግን ሲጎተት ገመዱን ከእጅ የሚመልስ ወይም በካርቡራቶሩ በኩል የሚያስነጥስ ከሆነ፣ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ተቆርጦ ይሆናል። እሳቱ አለ፣ ሰዓቱ ግን ተዛብቷል። ሽብልቁ በትክክለኛው ይተካ፤ ሚስማር ቆርጦ መክተት ክራንቻውን ሸርሽሮ ዘንጉን ያበላሻል። ቮላኖው ሲመለስ ዘንጉና ቀዳዳው ያለ ቅባት ደርቀው ይጠረጉ፤ ብሎኑም ጠብቆ ይታሰር። ከዚያ ሞተሩ በበርሜሉ ውስጥ ሳይጠፋ አንድ ሙሉ ሰዓት እስኪሠራ ድረስ ተሳፋሪ አይጫንበት፤ በጀልባውም ውስጥ ሁለት መቅዘፊያ ይኑር።