ኤሌክትሮኒክስን ከሬዲዮ ጀምሩ

«ኤሌክትሮኒክስ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ሮቦት ወይም ድሮን ለመሥራት የጓጉ ወጣቶች ናቸው። እኔ ግን ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው፦ ከሬዲዮ ጀምሩ። ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አይጠፋም፣ ክፍሎቹም በዓይን ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ስልኩም፣ ዋይፋዩም፣ የሳተላይት ዲሹም የቆሙበት መሠረታዊ ሐሳብ እዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ አለ።

የሬዲዮ ትልቁ ሥራ መምረጥ ነው። ይህን ስታነቡ በአካባቢያችሁ የሚደመጡት ጣቢያዎች ሁሉ ሞገዳቸው ባላችሁበት ክፍል እያለፈ ነው። አንቴናው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ለእናንተ ግን የሚሰማችሁ አንዱ ብቻ ነው። ይህ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ የገባው ሰው የኤሌክትሮኒክስን ትልቅ ክፍል ተረድቷል ማለት ይቻላል።

📡 መጀመሪያ ሞገዱ

በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ በከፍተኛ ፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ በዙሪያው የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ይፈጠራል። ሞገዱ ከሽቦው ተለይቶ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ይህን በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ ደረሰበት፤ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ደግሞ በ1880ዎቹ መጨረሻ በቤተ ሙከራ አሳየው። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት አሃድ በስሙ «ኸርዝ» የተባለውም ለዚህ ነው። ይህ ቁጥር ፍሪኩዌንሲ ይባላል።

«ሸገር ኤፍኤም 102.1» ሲባል ቁጥሩ በሜጋኸርዝ ነው። በማሰራጫው አንቴና ላይ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ከ102 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይመላለሳል ማለት ነው። አንዱ ሞገድ በሜትር ስንት እንደሚረዝም ማወቅ ከፈለጋችሁ 300ን ለሜጋኸርዙ አካፍሉ። 300 ለ102.1 ሲካፈል 2.94 ሜትር ይመጣል። ቀጥ ያለ አንቴና ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆን በደንብ ይቀበላል፤ የዚህ ሩብ ደግሞ 73 ሴንቲ ሜትር ነው። የሬዲዮአችሁን ተመዛዥ አንቴና ሙሉ በሙሉ ስባችሁ ለኩት፤ ብዙዎቹ ከዚህ ቁጥር ብዙም አይርቁም።

በአጭር ሞገድ ዜና ያዳመጡ ሰዎች «በ31 ሜትር ባንድ» የሚለውን አነጋገር ያስታውሱታል። እሱም ያው ሒሳብ ነው፦ 300 ለ9.7 ሜጋኸርዝ ሲካፈል 31 ሜትር ያህል ይሆናል።

🎚 ምርጫው

ጣቢያ የሚመርጡት ሁለት ክፍሎች ናቸው፦ ኮይልና ካፓሲተር። ኮይል የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ጉልበቱን በማግኔት መልክ ያስቀምጣል። ካፓሲተር ደግሞ እርስ በርስ ሳይነካኩ የተቀራረቡ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ ጉልበቱን በኤሌክትሪክ ሙል መልክ ይይዛል። ሁለቱን ስናገናኛቸው ጉልበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ይመላለሳል። የሚመላለስበትን ፍጥነት የሚወስነው የሁለቱ መጠን ነው።

ሕፃን ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ስትገፉት አስቡ። በራሱ ምት ከገፋችሁት ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ እየጨመረ ይሄዳል። ከምቱ ውጪ ከገፋችሁት ግን የቱንም ያህል ብትደክሙ አይወዛወዝም። ኮይሉና ካፓሲተሩም ከራሳቸው ምት ጋር የሚገጥመውን ጣቢያ ያጎላሉ፤ ሌሎቹን ያዳክማሉ።

በቁጥር እንየው። 240 ማይክሮሄንሪ ኮይል ከ365 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ጋር ሲገናኝ ምቱ 540 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። ካፓሲተሩን ወደ 40 ፒኮፋራድ ስትቀንሱት ምቱ ወደ 1,620 ኪሎኸርዝ ይወጣል። መካከለኛ ሞገድ የሚባለው በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ መካከል ነው። በድሮ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያውን ስታዞሩ ከውስጥ ስስ ብረቶች አንዱ በሌላው መካከል ሲገቡና ሲወጡ ይታያሉ። ሲገቡ ፒኮፋራዱ ይጨምራል፣ ሲወጡ ይቀንሳል። ጣቢያ መፈለግ ማለት በተግባር ይኸው ነው።

🔊 ድምፁ ከየት ይመጣል?

ሞገዱ ድምፁን ተሸክሞ የሚሄደው በሁለት ዋና መንገዶች ነው። በኤኤም የሞገዱ ኃይል ከድምፁ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ፍሪኩዌንሲው አይለወጥም። በኤፍኤም ግን ኃይሉ እንዳለ ሆኖ ፍሪኩዌንሲው ነው ከድምፁ ጋር ትንሽ ወደ ላይና ወደ ታች የሚለው፤ በአብዛኛው እስከ 75 ኪሎኸርዝ ድረስ። መብረቅም ሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያበላሸው በይበልጥ የሞገዱን ኃይል ስለሆነ ኤኤም ይንኮሻኮሻል፤ ኤፍኤም ጥርት ይላል። ይህን አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተግባር አረጋገጠ።

ኤኤምን ወደ ድምፅ ለመመለስ አንድ ዳዮድ ይበቃል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። የመጣው ሞገድ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚል፣ እንዳለ ወደ ማዳመጫው ቢሄድ አንዱ ሌላውን ያጣፋውና ምንም አይሰማም። ዳዮዱ ግማሹን ሲያስቀርና ትንሽ ካፓሲተር ፈጣኑን መመላለስ ሲያለሰልስ፣ የሚቀረው የተናጋሪው ድምፅ ነው። ኮይል፣ ካፓሲተር፣ የጀርማንየም ዳዮድ፣ ክሪስታል የጆሮ ማዳመጫ፣ ረጅም የአንቴና ሽቦና የመሬት ሽቦ ያለው ሰው፣ ኃይለኛ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ በቅርብ ካለ፣ ያለ ምንም ድንጋይ ሬዲዮ ይሰማል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ከሞገዱ የተገኘ ነው። እኛ ሬዲዮ ውስጥ ድንጋይ የምንጨምረው በይበልጥ ትራንዚስተሮቹ ደካማውን ምልክት አጉልተው ስፒከሩን እንዲያናግሩት ነው።

🌙 ማታ ለምን ይርቃል?

ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የሚሞላ የአየር ንብርብር አለ። ቀን ቀን መካከለኛ ሞገድን ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል፤ ያኔ ሞገዱ አልፎ ከላይኛው ንብርብር ይመለስና በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል። ኤፍኤም ግን በአብዛኛው ንብርብሮቹን ሰንጥቆ ወደ ሕዋ ስለሚወጣ የሚደርሰው ከማሰራጫው ብዙም ሳይጋረድ ለሚገኝ ሰው ነው። ማሰራጫዎች አዲስ አበባ ላይ እንደ ፉሪ ባለ ከፍታ የሚተከሉት በዚህ ምክንያት ነው።

🧪 ዛሬ የምትሞክሯቸው ሦስት ነገሮች

1. ሬዲዮአችሁን ኤኤም ላይ አድርጉና ሶኬት ላይ ወዳለ የስልክ ቻርጀር አስጠጉት፤ ከዚያ ኤፍኤም ላይ ድገሙት። የጫጫታውን ልዩነት በጆሯችሁ ትለያላችሁ።

2. ደከም ያለ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ያዙና ሬዲዮውን ቀስ እያላችሁ ባለበት አዙሩት። የሆነ አቅጣጫ ላይ ድምፁ ይጠፋል። በዚያ ቅጽበት ውስጡ ያለው ጥቁር ዘንግ፣ ኮይሉ የተጠመጠመበት፣ ጫፉ ወደ ማሰራጫው አነጣጥሯል። ተመዛዡ አንቴና እዚህ ላይ ሥራ የለውም፤ የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ያ ዘንግ ነው።

3. መካከለኛ ሞገድን ቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ፈትሹና የሰማችሁትን ጻፉ።

⚠️ የምትከፍቱት በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ብቻ ይሁን። 220 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። የአንቴና ሽቦ ስትዘረጉ ከመብራት መስመር ራቁ፤ ደመናው ማጉረምረም ከጀመረ ሽቦውን አትንኩ።

ቤት ውስጥ የተበላሸ ሬዲዮ ካላችሁ ለቆራሌው አትስጡት። ክፈቱት፤ ኮይሉን፣ ካፓሲተሩንና ዘንጉን ለዩ፤ ፎቶ አንሥታችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር አስቀምጡ። ያልገባችሁን ክፍል ጠይቁ፤ የምታውቁ ደግሞ ለጠየቀው መልሱለት። ለታናናሾቻችሁም አሳዩአቸው።